ነጩ ሙሌትና የተረሳችው ሽብልቅ

ስለ ጥርስ ሙሌት ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ብላችሁ እንዳልተቀላቀላችሁን አውቃለሁ። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ግን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2025 እ.ኤ.አ.) ጄኔቭ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት አንድ ውሳኔ አሳልፈዋል። ውሳኔው እዚህ ድሬዳዋ፣ የጥርስ ሕክምና ወንበር ድረስ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ግን ግማሹ ብቻ እንዳይመጣ እፈራለሁ። ለምን እንደምፈራ ለማስረዳት 150 ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ከዚያ በፊት ከራሴ መንጋጋ ልጀምር።

የተበላ መንጋጋዬን ለማስሞላት እዚሁ ከተማችን አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ሀኪሙ «ነጩን ነው የማደርግልህ፣ ጥቁሩ ጊዜው አልፎበታል» አለኝ። ደስ አለኝ። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝ፤ አየሁት፣ ከጥርሴ አይለይም። ከፍዬ ወጣሁ።

ችግሩ የጀመረው በሦስተኛው ቀን ጥብስ ስበላ ነው። ሥጋው በተሞላው ጥርስና በጎረቤቱ መሃል ገብቶ ተቀረቀረ። ስቴኪኒ አነሳሁ። በማግስቱም እንዲሁ። በወር ውስጥ ስቴኪኒ ከኪሱ የማይለይ ሰው ሆንኩ። ድዴ አበጠ፤ ጥርሴን ስፍቅ ደም ይመጣል። ሙሌቱ ግን አሁንም ያምራል። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው እንከን አላገኘሁበትም።

ሌላ ሀኪም ጋ ሄድኩ። ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። የድሬ ልጅ ስለሆነች አንቱታ የለም፤ «እስኪ አፍህን ክፈት አባቴ» አለችኝ። ቀጭን የጥርስ ክር በሁለቱ ጥርሶች መሃል አስገባች። ክሩ ምንም ሳይዘው ዘው ብሎ ወረደ። ሲወጣ ደግሞ ከታች አንድ ነገር ይዞት ተበጣጠሰ።

«ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው» አለች። «ግን ጎረቤቱን አይነካም። ከታች ደግሞ ትርፉ ድድህ ላይ ወጥቷል። ሲሞላልህ ሽብልቅ የተደረገ አይመስለኝም።»

«ሽብልቅ?» አልኳት። እኔ የማውቀው ሽብልቅ ግንድ የሚፈለጥበት ነው።

ከመሳቢያዋ አውጥታ አሳየችኝ። ከክብሪት እንጨት የምታጥር፣ ጫፏ የሾለ የእንጨት ቁራጭ። «አቦ፣ ይቺን ማን ይቆጥራታል?» አለችኝ እየሳቀች።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እሷ ማንበብ ጀመርኩ። የጥርስ ሙሌት ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ የዕቃው ታሪክ ነው የሚጻፈው፦ ወርቅ፣ ከዚያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ነጩ። ሙሌቱ ይቆይ አይቆይ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ አፍ ውስጥ የሚቀረው ዕቃ ሳይሆን ሥራው ሲያልቅ ወጥቶ የሚጣለው ነው። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

▪️ አንድ ግድግዳ የጎደለው ክፍል

የጥርስ ጉድጓድ ሁሉ አንድ አይደለም። በማኘኪያው ገጽ ላይ ያለ ጉድጓድ እንደ ሲኒ ነው፤ ዙሪያውን ግድግዳ ስላለው የሞሉበትን ይይዛል። በሁለት መንጋጋዎች መሃል የሚጀምረው ግን ሌላ ነው። ሀኪሙ የበሰበሰውን ሲያወጣ ከጥርሱ ጎን አንዱ ግድግዳ አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ለስላሳ ዕቃ ብትጨምሩበት ወደ ጎረቤት ጥርስ ይፈስሳል፣ ወደ ድድም ይወርዳል።

ቤት ያሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ጣውላ ይመታል። ጣውላው እንዳይገፋ በእንጨት ይደገፋል። አርማታው ሲደርቅ ጣውላውም ድጋፉም ይነሳል፤ ግድግዳው ግን የጣውላውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ጣውላው ከተንሻፈፈ የቱንም ያህል ጥሩ ሲሚንቶ ብትጠቀሙ ግድግዳው የተንሻፈፈ ነው።

ሀኪሞች ማትሪክስ የሚሉት ያንን ጣውላ ነው። በጥርሱ ዙሪያ የሚጠመጠም፣ ውፍረቱ ከሚሊሜትር 20ኛ ክፍል የማይበልጥ የብረት ጥብጣብ ነው። ዌጅ የሚሉት ደግሞ ሽብልቋን ነው። ሽብልቋ በሁለቱ ጥርሶች መሃል፣ ከድድ ከፍ ብላ ትገባና ሦስት ሥራ ትሠራለች። አንደኛ፣ ጥብጣቡን ከጥርሱ ሥር አጣብቃ ዕቃው ወደ ድድ እንዳይወርድ ትዘጋለች። ሁለተኛ፣ ድድን ተጭና ደምና ምራቅ እንዳይገባ ታግዛለች። ሦስተኛ፣ ሁለቱን ጥርሶች ለጥቂት ደቂቃ በጣም በትንሹ ታራርቃለች። ጥብጣቡ ሲወጣ የራሱን ውፍረት ያህል ክፍተት ትቶ ይወጣልና፣ ሽብልቋ አስቀድማ ጥርሶቹን ካራራቀች፣ ስትወጣ ጥርሶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ያንን ክፍተት ይዘጉታል። ከእንጨት የተሠራችው ደግሞ የአፍ እርጥበት ስትጠጣ ትንሽ ታብጣለች፤ ይበልጥ ትጠብቃለች።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ነገር ነው፦ ጥርስና ጥርስ እንዲነካኩ። ጤነኛ መንጋጋዎች በጎናቸው ተነካክተው ይቆማሉ። ያ ንክኪ ሲጎድል ምግብ ይወሸቃል፣ ድድ ይቆስላል፣ የጎረቤቱ ጥርስም በተራው ይበሰብሳል። ከታች ትርፍ ወጥቶ ከቀረ ደግሞ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ከጊዜ በኋላ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ሳይቀር ይጎዳል። በእኔ አፍ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ።

▪️ ስኳሩ በባቡር፣ ጉድጓዱ በመሃል

ይህ ጉዳይ ለምን የእኛ ጉዳይ ሆነ? መልሱ ከከተማችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ድሬዳዋን የወለደው ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእነዚያ 15 ዓመታት ከባሕር የመጣው ዕቃ ማራገፊያ ድሬ ነበረች። ጨርቁም፣ ቆርቆሮውም፣ ስኳሩም በዚሁ በኩል አለፈ። ከዚያ በኋላ ስኳር የሩቅ ዕቃ መሆኑ እየቀረ ሄደ። በ1954 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ አቋቁሞ ማምረት ጀመረ። ኮካ ኮላ በ1959 አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ ጀመረ፤ ሁለተኛው ፋብሪካ የተከፈተው በ1965 እዚሁ ድሬዳዋ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ቀዝቃዛ ለስላሳ የሚጠላ የለም። በርጫ ላይ ደግሞ የጫቱን ምሬት የሚያስረሳው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ነው። አፍ ደርቆ፣ ስኳር በየደቂቃው እየተጎነጨ፣ ሰዓታት ያልፋሉ። ምራቅ የጥርስ ጠባቂ ነው። ምራቅ ሲቀንስና ስኳር ሲበዛ ምን እንደሚከተል ለመገመት ሀኪም መሆን አያስፈልግም።

መፋቂያ አልነበረንም ወይ? ነበረን፤ አሁንም አለን። የወይራው፣ የክትክታው፣ በእኛ በኩል ደግሞ ሲዋኩ ከሕዝባችን አፍ ተለይቶ አያውቅም። መፋቂያ የጥርስን ፊት ያጸዳል፤ በሁለት መንጋጋዎች መሃል ግን አይገባም። ብሩሽም አይገባም። ስኳር የሚመገቡት ባክቴሪያዎች ከንክኪው ነጥብ ሥር ተደብቀው ይሠራሉ። ሰውየው የሚያውቀው ጠርዙ ተሰብሮ ምላሱ ሲገባበት፣ ወይም ሌሊት ሕመም ሲቀሰቅሰው ነው። ያኔ ግድግዳው ሄዷል።

ድሮ ለዚህ መፍትሔው ጉጠት ነበር፤ ለብዙ ሰው ዛሬም እሱ ነው። ሙሌት የሚባል ነገር ሲመጣ ግን ማትሪክስና ሽብልቅ የሚፈልገው ከባዱ ጉድጓድ አብሮ መጣ።

▪️ 1871፦ ሞረድ ወይስ ጥብጣብ

አሁን ወደ ሩቅ አገር እንሂድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የጥርስ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ነበር። በ1840 ባልቲሞር ውስጥ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ተቋቋመ። ከኮሌጁ የመጀመሪያ ተመራቂዎች አንዱ ሮበርት አርተር ይባላል። በዘመኑ ጥሩ ሙሌት ማለት የወርቅ ሙሌት ነው። ስስ የወርቅ ቅጠል እየተቀጠቀጠ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል።

አርተር በጥርሶች መሃል ያለው ብስባሽ አስጨነቀው። በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ጥርሶች ስለሚነካኩ ነው የሚበሰብሱት፤ እንግዲያው በሞረድ እንሞርዳቸውና ለዘለዓለም እናለያያቸው። ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም፤ የሚታይ ችግር አይቶ ነው። ግን ንክኪ የጠፋበት አፍ ምግብ የሚወሸቅበት አፍ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ።

በዚያው በ1871 ፊላደልፊያ ውስጥ ሉዊስ ጃክ የተባለ ሌላ ሀኪም ተቃራኒውን ይዞ መጣ። የጎደለውን ግድግዳ ለጊዜው የሚተካ የብረት ቁራጭ ጥርሱ ጎን አቁሞ፣ ሙሌቱን በእሱ ላይ ደግፎ መሥራት ጀመረ። የሙያው መጻሕፍት የማትሪክስን መጀመሪያ ከእሱ ነው የሚቆጥሩት። አንዱ ጥርስን ከጥርስ ለያይተን እንዳን አለ፤ ሌላው ንክኪውን መልሰን እንሥራው አለ። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። እኔ በዚህ ዘመን ተሞልቶልኝ የወጣሁት ግን፣ ማንም ሳያስበው፣ የአርተርን አፍ ይዤ ነው።

▪️ ይቅር ባዩ ጥቁር

ወርቅ ለሀብታም ነበር። ለተራው ሰው የመጣው አማልጋም ነው፦ የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ። ሜርኩሪ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ፈሳሽ ብረት ነው፤ ከአማልጋም ክብደት ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። በ1830ዎቹ ክሮኮር የተባሉ ወንድማማቾች ወደ ኒውዮርክ ይዘውት ሲገቡ ወርቅ ሞይዎቹ ተቆጡ። የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ1845 አባላቱን አማልጋም አንጠቀምም ብለው እንዲፈርሙ ጠየቀ። በጭቅጭቁ ማኅበሩ ራሱ በ1856 ፈረሰ፤ አማልጋም ግን ቀረ። በ1890ዎቹ ጂ.ቪ. ብላክ ቅንብሩን አስተካክሎ አስተማማኝ አደረገው። በ1946 ደግሞ ቶፍልማየር የተባለ ሀኪም ጥብጣቡን በጥርሱ ዙሪያ የሚያጠብቅ ብሎን ያለው መያዣ ሠራ። ያ መያዣ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ በዓለም ዙሪያ በየክሊኒኩ ይገኛል።

አማልጋም መልኩ ጥቁር ነው፤ ግን ይቅር ባይ ነበር። ሀኪሙ በኃይል ሲጠቀጥቀው ጥብጣቡን ወደ ጎረቤት ጥርስ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ንክኪው በጉልበትም ይገኛል። ትንሽ ምራቅ ቢነካው ሥራው ሙሉ በሙሉ አይበላሽም። ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀጭን ክፍተት ከጊዜ በኋላ የራሱ ዝገት ይደፍናታል። በችኮላ፣ በጠባብ ክሊኒክ፣ ረዳት በሌለበት የሚሠራ ሀኪም በአማልጋም መሥራት ይችል ነበር። ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ የገዛው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሀኪሙን ጉድለት ስለሚሸፍን ጭምር ነው።

▪️ ነጩ መጣ

ነጩ ሙሌት የመጣው በሁለት ሰዎች ሥራ ነው። በ1955 አሜሪካዊው ማይክል ቡኦኖኮሬ የጥርስን ቆዳ በፎስፎሪክ አሲድ ቢያሻክረው ፕላስቲክ እንደሚጣበቅበት አሳየ። ሐሳቡን ያገኘው ብረት ቀለም ከመቀባቱ በፊት በአሲድ ከሚዘጋጅበት ኢንዱስትሪ ነበር። በ1962 ደግሞ ራፋኤል ቦወን ዛሬም ለአብዛኞቹ ነጭ ሙሌቶች መሠረት የሆነውን ሙጫ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ሙጫው ከጥቃቅን የመስታወት ብናኝ ጋር ተደባልቆ ኮምፖዚት ሆነ። ቆየት ብሎም ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት በሰከንዶች የሚጠነክር ዓይነት መጣ።

በፊት ጥርስ ላይ ድንቅ ነበር። ወደ መንጋጋ ሲወሰድ ግን ጉዱ ታየ። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ ያልቁ ነበር፤ ያ በጊዜ ተሻሻለ። ያልተሻሻለው ባሕርዩ ነው። አንደኛ፣ ኮምፖዚት ለስላሳ ስለሆነ እንደ አማልጋም ተጠቅጥቆ ጥብጣቡን አይገፋም። ንክኪ በጉልበት አይገኝም። ሁለተኛ፣ ሲጠነክር ይኮማተራል፤ በመጠን ከ2 እስከ 3 በመቶ አካባቢ። ለዚህ ነው ጥሩ ሀኪም በየ2 ሚሊሜትሩ ንብር በንብር የሚሞላው። ሦስተኛ፣ በእርጥብ ቦታ አይጣበቅም። የደም ጠብታ ወይም ምራቅ ከገባ ሥሩ ይከፈታል።

እንግዲህ አስቡት፦ አማልጋም ሽብልቅ ባይኖር ከነጉድለቱ ይሠራል፤ ኮምፖዚት ግን ከአማልጋም የበለጠ ሽብልቅ ይፈልጋል። ዕቃው ዘመነ፤ በብዙ ቦታ መያዣው ግን የ1946ቱ ሆኖ ቀረ። የቶፍልማየር ጥብጣብ ጥርሱን ሙሉ ይዞራል። በአንድ ጎን ብቻ ላለ ጉድጓድ በሁለቱም ጎን ያልፋል፤ ሽብልቋም የሁለቱን ውፍረት ማካካስ ይጠበቅባታል።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ጥርሱን የማይዞር፣ የጎደለውን ጎን ብቻ የሚሸፍን፣ እንደ ጥርስ ጎን አስቀድሞ የጎበጠ አጭር ጥብጣብ አለ። ከእሱ ጋር ሽብልቅ ይገባል፤ ከላይ ደግሞ ጥርሶቹን በጥንድ ጣት እንደሚያራርቅ ሰው የሚገፋ የብረት ቀለበት ይታሰራል። ኔዘርላንድ ኒይሜኸን ያሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት የንጽጽር ጥናት በነጭ ሙሌት የተሞሉ መንጋጋዎችን ንክኪ በመሣሪያ ለክተዋል። ቀለበት ያለው አጭር ጥብጣብ ጥርስን ከሚዞረው የተሻለ ጠባቂ ንክኪ ሰጥቷል። ሙሌቱ ያው ኮምፖዚት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው መያዣው ነው።

▪️ ከሚናማታ እስከ ጄኔቭ

አሁን ወደ ውሳኔው ልመለስ። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ዓሣውን የበሉ ሰዎች እየተንቀጠቀጡ ወደቁ፤ ሕፃናት አካላቸው ተጎድቶ ተወለዱ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። በከተማዋ ስም የተሰየመው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት በ2013 ጸደቀ፣ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ስምምነቱ መጀመሪያ ላይ አማልጋም ቀስ በቀስ ይቀነስ ብሎ ነበር። በ2022 ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይውል የሚያሳስብ ተጨመረ። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ፣ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በስተቀር፣ ከለከለው። ጄኔቭ ላይ ደግሞ መንግሥታቱ በዓለም ደረጃ እስከ 2034 እንዲያበቃ ተስማሙ። ይፋጠን ብለው ከገፉት መካከል የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ነበሩ።

እኔ ለአማልጋም አላለቅስም። ሜርኩሪ በፍሳሽ ወደ ወንዝ መሄዱ፣ በእጁ እያሸ የሚለውሰው የክሊኒክ ሠራተኛ መተንፈሱ ቀላል ነገር አይደለም። አፍ ውስጥ ያለው ጥቁር ሙሌት ተሸክሞን ኖሯል፤ ማንም ደንግጦ ያስወልቅ አልልም። ግን ዓለም ይውጣ ካለ ይውጣ።

ጥያቄዬ የሚተካውን በተመለከተ ነው። ውሳኔዎቹ የሚናገሩት ስለሚወጣው ዕቃ ነው። የሚገባው ዕቃ ደግሞ በብዙ ሰው አእምሮ አንድ ነጭ ስሪንጅና አንድ ሰማያዊ መብራት ነው። ባቡር ያሳደገው የድሬ ሰው እዚህ ላይ ከማንም በላይ መናገር ይችላል። ባቡር የሚሄደው ሎኮሞቲቭ ስለተገዛ አይደለም። ሐዲዱን የሚይዘው ብሎን፣ በወርክሾፑ የሚለወጠው ጥቃቅን መለዋወጫ፣ እሱን የሚያውቅ እጅ ሲኖር ነው። አሮጌው ባቡራችን እንዴት እየተዳከመ እንደቆመ ያየ ሰው የጥቃቅን ዕቃ ነገር አይጠፋውም።

▪️ «ድሃ አገር ነን» ለሚሉ

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሲሰማ «አንተ ደግሞ! ሰው ጥርስ የሚያስነቅልበት ጠፍቶ ስለ ቀለበት ታወራለህ» አለኝ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአፍሪካ ቀጠና ለ100,000 ሰው ያሉት የጥርስ ሀኪሞች 3.3 ያህል ናቸው፤ ይህ ከዓለም አማካይ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ እጥረት ጥራት ማንሳት ቅንጦት ይመስላል።

እኔ ግን ተገላቢጦሹን ነው የማየው። ሀኪም በበዛበት አገር የተበላሸ ሙሌት በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል። ሀኪም ባነሰበት አገር ያ ሙሌት ድድን ያቆስላል፣ የጎረቤቱን ጥርስ ያስበላል፤ አንድ ጥርስ ይዞ የገባው ሰው ከዓመታት በኋላ ሁለት ለማስነቀል ይመለሳል። ያንን ወንበር ደግሞ ሌላ ሰው ይጠብቀው ነበር። ወጪውንም ካየነው ከሥራው ሁሉ ርካሿ ሽብልቋ ናት። ቀለበቱ በእንፋሎት እየተቀቀለ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ውድ የሆነው ነጩ ዕቃ ነው፤ እሱን ገዝተን ሽብልቋን መተው ማለት ቤት ሠርቶ በር ሳይገጥሙ መግባት ነው።

ደግሞ ሁሉም ቦታ ኮምፖዚት ይሁን አልልም። መብራት በሚጠፋበትና ጥርስን ማድረቅ በማይቻልበት ቦታ ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም የአፍሪካ ልጅ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ ያለ መቦርቦሪያ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ብስባሹን አውጥቶ በግላስ አዮኖመር የመሙላት ዘዴ ተጀመረ። ዕቃው ራሱ ከጥርስ ጋር ይጣበቃል፤ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ በላይኛው ገጽ ላይ ባለ ጉድጓድ ጥሩ ቢቆይም፣ በጥርሶች መሃል ባለው ጉድጓድ ላይ ዕድሜው ያጥራል። እዚያም ጥብጣብና ሽብልቅ ይፈልጋል። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ ከሽብልቋ አናመልጥም።

▪️ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ፣ አማልጋምን ለመተካት በጀት የሚይዝ ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን የግል ክሊኒክ፣ ነጩን ሙሌት ለብቻው አይግዛ። ሙሌቱ፣ ጥብጣቡ፣ ሽብልቁና ቀለበቱ በአንድ ዝርዝር፣ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠሩ። አንዱ ከጎደለ ግዢው አልተሟላም ይባል።

ሁለተኛ፣ የጥርስ ሀኪም የሚያስተምሩ ተቋሞቻችን ተማሪውን የሚመዝኑት ሙሌቱ በማማሩ ብቻ አይሁን። ክር ይግባበት። ክሩ ጠበቅ ብሎ «ጠቅ» ሲል ገብቶ ሳይበጠስ ከወጣ ይለፍ፤ ካልሆነ ይድገም።

ሦስተኛው የእኛ የታካሚዎች ነው። ስንሞላ መስታወት አንጠይቅ፤ ክር እንጠይቅ። «ዶክተር፣ ንክኪውን ታይልኛለህ?» ማለት ነውር አይደለም። ሥጋ መወሸቅ ከጀመረ ደግሞ ስቴኪኒ ይዘን ዓመት አንክረም፤ ቶሎ እንመለስ።

አራተኛው ከሁሉ የሚቀድም ነው፦ ጉድጓዱ ባይኖር ሽብልቅም አያስፈልግም። በርጫ ላይ ያለውን ስኳር መቀነስ፣ ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ቦርሾ መተኛት፣ የልጆችን ለስላሳ መጠን መቆጣጠር ከማንኛውም ቀለበት ይበልጣል።

ያቺ ወጣት ሀኪም የእኔን ሙሌት አፍርሳ እንደገና ሠራችው። አጭሩን ጥብጣብ አቆመች፣ ሽብልቋን ገፋ አደረገች፣ ቀለበቱን አሰረች። ትንሽ ይጨንቃል፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ሲገፋ ይሰማል። ስትጨርስ ሁሉንም አወጣች። መስታወት አልሰጠችኝም፤ ክር አስገባች። ጠቅ አለ። «በቃ፣ ሂድ ጥብስህን ብላ» አለችኝ።

ሽብልቋ ከጥጥና ከጓንት ጋር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባች። እኔም ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ስቴኪኒ የለም።

እናንተስ? የተሞላ መንጋጋችሁ ጎረቤቱን ይነካል? ጥርስ ሀኪም የሆናችሁ ተከታታዮቻችን ደግሞ በየከተማችሁ ያለውን ሁኔታ ብትጽፉልን ደስ ይለናል።